ደረቁ ረድፍ

በፔንሎው ባሕሩ ከፍ እያለ ነው ብሎ መናገር ነውር አልነበረም። ነውሩ ነዋሪው ሁሉ ተሰብስቦ ድምፅ በሚሰጥበት የከተማ ጉባኤ ላይ መናገሩ ነበር። ፀጉር ቤት የተቀመጠ ሰው፣ "ዘንድሮስ ውሃው ጓሮዬን አልፎ ምድር ቤቴ ገባ" ቢል፣ ፀጉር ቆራጩ "ያንተ ገና አሁን ነው እንዴ? የእኔማ ማሞቂያዬን ካጠፋብኝ ቆየ" ብሎ መቀሱን ያንቀጫቅጫል። እሑድ ከጸሎት በኋላ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚወራውም ይኸው ነው። ቃለ ጉባኤ ውስጥ የገባ ነገር ግን ሌላ ነው። እሱን ቤት ገዢ ያነበዋል፣ የመድን ሰዎች ያነቡታል፣ ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ የአጎራባች ከተማ ሰዎች አንብበው ይስቁበታል። ስለዚህ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማንም እንዳያስመዘግበው መጠበቅ፣ ሳይጻፍ የጸና ሕግ ሆኖ ኖረ።

እኔ የቤተ ክርስቲያኑን በር የምከፍትና የምዘጋ፣ በክረምት ምድጃውን የማነድ ሰው ነኝ። በእኛ ከተማ ጉባኤውም ሰርጉም የቀብር ማዕዱም እዚያው አዳራሽ ውስጥ ስለሆነ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ሰው ሲናገር መስማት የሥራዬ ግማሽ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በቲርዛ ፔተንጊል ነው። መቃብር ቦታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ ከኮረብታው አናት ይነሣና እስከ ጨዋማው ረግረግ ዳር ቁልቁል ይወርዳል። ቀድመው የሰፈሩት ቤተሰቦች ከላይ በትልቁ ዋርካ መሳይ ኦክ ሥር ተኝተዋል። ዘግይተው የመጡትና ስለ ሞት አስቀድመው ማሰብ ያልወደዱት ደግሞ ከታች ናቸው። የቲርዛ ባል አልደን ዕድሜውን በሙሉ ባሕሩ ሲሸሽ ጠብቆ ከጭቃ ውስጥ ሥጋው የሚበላ ዛጎል እየቆፈረ ሲሸጥ የኖረ፣ ከነገ ወዲያ ስላለው ነገር ተጠይቆ መልስ ሰጥቶ የማያውቅ ሰው ነበር። እናም የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀበረ። ያኔ ከመቃብሩ እግርጌ እስከ ረግረጉ ድረስ ጋሪ የሚያሳልፍ ሜዳ ነበር። አሁን የለም። ጨረቃ ሙሉ በሆነች ቁጥር ባሕሩ በጭቃው ቦዮች ሽቅብ ይመጣል፤ ሲመለስም በአልደን ድንጋይ ላይ የደረቀ የረግረግ ሣር ነስንሶበት ይሄዳል። በማግስቱ ቲርዛ የጎማ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ትወርድና ሣሩን ከድንጋዩ ላይ ትለቅማለች።

"ከሰማንያ ዓመቴ በኋላ" አለችኝ አንድ ቀን፣ "የባሌን ፀጉር ማበጠር ጀመርኩ። በሕይወት እያለ አንድ ቀን አስነክቶኝ አያውቅም።"

የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። ባሏ ከዚያ ረድፍ ወጥቶ ደረቅ ቦታ እንዲተኛና፣ የእሷ ጊዜ ሲደርስ ከጎኑ እንድትሆን። በእኛ ከተማ ያለ ጉባኤው ድምፅ መቃብር አይከፈትም። ስለዚህ ከተማዋን ከሚያስተዳድሩት ሦስት ተመራጮች ዘንድ ሄደች። ሊቀመንበራቸው ዌንደል ቱርሎ ነው።

ዌንደል ቤት ሻጭ ነው፤ በዚያ ዓመት ረግረጉ ዳር የተሠሩትን አዳዲስ ቤቶች ይሸጥ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ሰው ሲታመም ሾርባ ይዞ በመድረስ የሚቀድመው የለም፤ ሲመለስም የታማሚው ቤት ስንት መኝታ ክፍል እንዳለው አይቶ ይመለሳል።

"ወይዘሮ ፔተንጊል" አላት ጥያቄዋን ከሰማ በኋላ፣ "ይህን በስሜት አንወስነውም። ሳይንስ ይወስን።"

"ዌንደል፣ ሰንበት ትምህርት ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። 'የሙታንን ነገር ባለሙያ ይመርምረው' ያልኩህ ቀን አለ?"

"እርስዎ ያስተማሩኝ ትዕግሥትን ነው።"

"እሱንማ የት ተማርክ! በመስኮት ዘለህ ነበር የምትጠፋው።"

ዌንደል ሳይንስ ይወስን ያለው ሳይንስ ቀስ ብሎ የሚመጣ መስሎት ነው። ጥናት ይጠናል፣ ጥናቱን የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋማል፣ እስከዚያ ቤቶቹ ይሸጣሉ፣ ቲርዛም በጌታ እጅ ናት። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው የላከልን ሴት የሳምንቱ ዝናብ እንኳ ሳያባራ፣ የጭነት መኪናዋን ቱቦና ዘንግ ሞልታ ከተፍ አለች። ዶክተር ኢኔስ ፉርታዶ ትባላለች። ከደቡብ በኩል ከፖርቱጋል ዓሣ አጥማጆች የተወለደች፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ እስከ ጭኗ ጭቃ ውስጥ ገብታ እየሳቀች የምትወጣ ሴት ናት።

ረግረጉ ላይ ስምንት ቦታ መርጣ በእያንዳንዱ ላይ ረጅም የብረት ቱቦ ወደ ታች ትገፋለች፤ አዙራ ስታወጣው በቱቦው ሆድ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ሳይናወጥ የተቆረጠ ጭቃ ይዞላት ይመጣል። ያንን አዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ትፈትሸው ነበር። ቲርዛ በየቀኑ የዛጎል ሾርባ ይዛላት እየመጣች አጠገቧ ትቀመጣለች። ምድጃው ብዙ ማገዶ የሚፈልግበት ወራት ነበርና እኔም ከአጠገባቸው አልጠፋም።

"ይኼ ጥቅል ትምባሆ ነው የሚመስለው" አለች ቲርዛ፣ ጭቃውን በጣቷ ነካ አድርጋ።

"የሣር ሥር ነው። ይኼ የረግረግ ሣር ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። ከባሕሩ በጣም ከራቀ ይሞታል፤ በጣም ከሰጠመም ይሞታል። ስለዚህ ባሕሩ ከፍ ሲል እሱም በራሱ ሙታን ላይ ቆሞ አብሮ ከፍ ይላል።"

"የእኛ የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ነዋ!"

ኢኔስ ሳቀች። "ታዲያ ወደ ታች በጠለቅን ቁጥር የድሮውን የባሕር ከፍታ እናገኛለን። ደግሞ በየንብርብሩ ውስጥ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሱ፣ ቅርፊት ያላቸው ነፍሳት አሉ። አንደኛው ዓይነት ከላይ፣ ውሃው በወር አንዴ በሚነካው ቦታ ብቻ ይኖራል። ሌላው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሌላው ደግሞ ከዚያ በታች። ማን የትኛው ንብርብር ውስጥ እንዳለ ካየሁ፣ ባሕሩ በዚያ ዘመን የት እንደነበረ አውቃለሁ።"

ቲርዛ ጥቂት አሰበች። "እንደ ቤተ ክርስቲያን ወንበር ነው በይኛ። ቱርሎዎች ከፊት፣ በርባንኮች መሐል፣ እኛ ከኋላ ከበሩ ሥር። አንድ እሑድ ቱርሎዎች ከኋላ ከበሩ ሥር ተቀምጠው ካገኘሁ፣ ከፊት ጣሪያው እያፈሰሰ ነው ማለት ነው።"

"ወይዘሮ ፔተንጊል፣ ይኼን ለተማሪዎቼ ልወስድብዎት ነው።"

"ውሰጂው ልጄ። ዘመኑንስ በምን ታውቂያለሽ?"

"ከላይኛው ጭቃ ውስጥ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመር በነበረበት ዘመን መኪና የተፋው የእርሳስ ብረት አለ። ዝቅ ሲል የመጀመሪያዎቹ ፋብሪካዎች ጥላሸት። ከዚያ ዝቅ ሲል ደግሞ ሰፋሪዎቹ ጫካውን ሲመነጥሩ የበቀለው አረም ብናኝ። ከዚያ በታች ያለውን ሥሩን ራሱን በቤተ ሙከራ እናስመረምራለን።"

"ያ ሁሉ ኃጢአታችን ተራ በተራ እዚያ ተቀምጧል?"

"ንብርብር በንብርብር።"

ቲርዛ ራሷን ነቀነቀች። "እኔ ደግሞ የሚመዘገበው በሰማይ ብቻ ይመስለኝ ነበር።"

ውጤቱ ሲወጣ ኢኔስ አዳራሹ ውስጥ ከተማዋን ሰብስባ በግልጽ ነገረችን። በዚህ ዳርቻ ባሕሩ ከሩቅ ዘመን ጀምሮ ቀስ እያለ ከፍ ይል ነበር። በመጨረሻዎቹ መቶ ዓመታት ግን አካሄዱን ለውጧል፤ ከዚያ በፊት በብዙ መቶ ዓመታት ያልሄደውን መንገድ በአንድ ሰው ዕድሜ ሄዶታል። ረግረጉም መከተል እያቃተው ነው። የታችኛው ረድፍ ዛሬ በሙሉ ጨረቃ ይረጥባል፤ ነገ ግን በቀን ሁለቴ በሚመጣው በእያንዳንዱ የባሕር ሙላት ይረጥባል።

ለቀባሪው ማርዳት የሚባለው ይኼ ነው፤ ያልሰማነው ነገር አልነበረም። ነገር ግን ምድር ቤቱ ውሃ የገባበት ሁሉ አዲስ ነገር እንደሰማ ሰው ቅንድቡን ሰቀለ።

ዌንደል ግን በጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ስምንት ጭቃዎች ቀስ ብሎ እየቃኘ ነበር። "አራተኛው ምን ይላል?" አለ።

"አራተኛው የተለየ ነው" አለች ኢኔስ። "አንድ ቦታ ላይ የጨው ውሃ ነፍሳቱ ባንዴ ይጠፋሉ፤ ከበላያቸው ጨው የማይችል የማሳ ሣር ይመጣል።"

"ስለዚህ ባሕሩ ወረደ።"

"አልወረደም። ያ ቦታ አሮጌው የአፈር ግድብ ውስጥ ነው። ድሮ አንድ ሰው ድርቆሽ ለማጨድ ብሎ ባሕሩን በግድብ ዘግቶበታል።"

"አንድ ሰው! ቅድመ አያቴ ናቸው እኮ።"

"እጃቸው ይባረክ፤ ግድቡ ድንቅ ነው።"

"እንግዲያው ባሕሩን አሸንፈዋል።"

"በር ዘግተውበታል፣ አቶ ቱርሎ። በር የተዘጋበት ሰው ሞተ አይባልም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዌንደል ሥራ አልፈታም። ዳቦ ቤት፣ ፖስታ ቤት፣ ጀልባ ማሠሪያው ላይ፣ ሰው ባገኘበት ሁሉ፣ "ሰባቱ ጭቃዎች አንድ ነገር ይላሉ፣ አንዱ ሌላ ይላል። እኛ ደግሞ የአናሳውን ድምፅ የምናከብር ሕዝብ ነን" ይል ነበር። ነገሩ ሰዉን ደስ አሰኘው። በእኛ ከተማ በአቋሙ ብቻውን የጸና ሰው ይወደዳል፤ ቀስ በቀስ አራተኛው ጭቃ ሰው መሰለ። አንዳንዱ ሲያወራ "ምስኪኑ አራተኛው" ማለት ጀመረ።

ጉባኤው የሚደረገው በግንቦት የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ሰብሳቢው ኦርሊን ዊግስ ነበር፤ የስብሰባ ሥርዓት መጽሐፉን እንደ ጸሎት መጽሐፍ በብብቱ ይዞ የሚዞር፣ ረጅም፣ ሳቅ የማያውቅ ሰው። የቲርዛ ጥያቄ እንዲህ ተነበበ፦ "የታችኛው ረድፍ መሬት ከእንግዲህ ደረቅ ስላልሆነ፣ አልደን ፔተንጊል ወደ ላይ ይዛወር።" ዌንደል ወዲያው ተነሣና በእሱ ምትክ ይተካልኝ ብሎ ሌላ አቀረበ፦ "የታችኛው ረድፍ መሬት ደረቅ ነው።" ይኼኛው ካለፈ የመጀመሪያው ይወድቃል።

"ፈጣሪ ለባሕር ወሰን አበጅቶለታል" አለ ዌንደል እጁን ዘርግቶ። "ይህን ያስተማሩኝ ወይዘሮ ፔተንጊል ራሳቸው ናቸው።"

"ወሰኑን ማበጀቱን አስተማርኩህ" አለች ቲርዛ ካለችበት። "የት ጋ እንዳበጀው ለአንተ ነገረህ እንዴ?"

ክርክሩ ጦፈ። ሆሊስ በርባንክ የሚባል ሰው አለ፤ በየዓመቱ ጉባኤ ላይ ተነሥቶ ስለ ውሻ የሚናገር፣ ስለ ውሻ ካልተናገረ ዓመቱ የማይዞርለት ሰው። ያን ቀን ግን በሌላ ጀመረ። "ጭቃ ሲመሰክር ሰማን፤ በቃን። ዓይን የለንም እንዴ? ወርደን እንየው!"

ዌንደል በመስኮቱ አሻግሮ አየ። ረፋዱ ነው፤ ቦዮቹ እስከ ወለላቸው ደርቀው ጭቃቸው በፀሐይ ይብለጨለጫል። ባሕሩ ሩቅ ነው። "እደግፋለሁ!" አለ ፈጠን ብሎ።

ከተማው በሙሉ ብርቱካናማ የድምፅ ካርዱን ይዞ፣ ውሾቹን አስከትሎ፣ ኮረብታውን ወረደ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ቆምን። ዌንደል የእሑድ የቆዳ ጫማውን ሣሩ ላይ ረገጥ ረገጥ አደረገው፤ ተንኮሻኮሸ። እውነትም ደረቅ ነው። በዚያች ደቂቃ ድምፅ ቢሰጥ ኖሮ ነገሩ በዚያው ባለቀ። ቲርዛ የአልደን ድንጋይ ላይ እጇን አሳርፋ ቆማለች። ከመላው ሕዝብ የጎማ ቦት ያደረገችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ከትናንት በስቲያ ጨረቃ ሙሉ እንደነበረች የምታውቅ እሷ ብቻ ስለነበረች አይደለም፤ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ነገር ግን ፔንሎው ውስጥ የማይደረግ ነገር አለ፤ የሚናገርን ሰው አቋርጦ "ድምፅ ይሰጥ" ማለት። ይህን ያደረገ ሰው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳገሳ ይቆጠራል። እያንዳንዱ ዜጋ በእያንዳንዱ ማሻሻያ ላይ አንዴ የመናገር መብት አለው፤ መብት ያለው ሰው ደግሞ ካልተጠቀመበት ያመዋል።

መጀመሪያ አንዲት ሴትዮ "ደረቅ ነው" የሚለው "እንደ ልማዱ ደረቅ ነው" ይባል አለች። በዚያ ላይ ብዙ ተባለ። ቀጥሎ አንዱ "በአብዛኛው" የሚል ቃል ይጨመር አለ፤ ሌላው "አብዛኛው የሚለው የጊዜ ነው ወይስ የመሬት?" አለ። ያ እንዳለቀ ሆሊስ በርባንክ ጉሮሮውን ጠረገ። "መሬቱ ደረቅ ከሆነ ሰው ይመላለስበታል፤ ሰው ከተመላለሰበት ውሻ ይከተላል። ስለዚህ በደረቁ ረድፍ ላይ ውሻ በገመድ ይያዝ የሚል ይጨመርልኝ።"

ውሻ ያለው ሁሉ እጁን አወጣ፤ ውሻ የሌለውም። ቀትር ደረሰ። ሰዉ ከቤት የያዘውን ሳንድዊች እየገመጠ ቀጠለ። ሆሊስ ወጣት ሳለ ስለነከሰው ውሻ ተናገረ፤ የነከሰው ውሻ ባለቤት ልጅ ተነሥታ ውሻው ለምን እንደነከሰው ተናገረች።

ከፈጣሪ ሥራ ሁሉ እንደ ባሕር ሙላት ኮሽታ የሌለው ነገር አላውቅም። መጀመሪያ በቦዮቹ ውስጥ ያለው የደረቀ ሣር ቀስ ብሎ ተነሥቶ መንሳፈፍ ጀመረ። ቀጥሎ ከሣሩ ሥር አንድ የሚያንጸባርቅ ነገር ታየ። ከዚያ የአንዱ ሰው ጫማ "ጭቅ" አለ፤ ሰውየው ወደ ታች አየና ቶሎ ብሎ ወደ ሰማይ ቀና አለ።

"ክቡር ሰብሳቢ" አለ አንድ ሽማግሌ፣ "ውሃው..."

"የተያዘው ጉዳይ ውሻ ነው" አለ ኦርሊን መጽሐፉን እየገለጠ። "በተያዘው ላይ ይናገሩ።"

"ጫማዬ እኮ..."

"ጫማዎም ከአጀንዳ ውጪ ነው።"

ኢኔስ ከኋላ እጇን አወጣች። የከተማው ነዋሪ ስላልሆነች ለመናገር የጉባኤው ፈቃድ ያስፈልጋታል። ስለ ፈቃዱ ተከራከርንና፣ ስለ ውሻ ብቻ እንድትናገር ተፈቀደላት።

"ስለ ውሾች የተለየ አስተያየት የለኝም" አለች ውሃው ቁርጭምጭሚቷን እየላሰው። "ግን ውሾቹ በሙሉ ድንጋዮቹ ላይ ወጥተዋል።"

ዞር ብለን አየን። እውነት ነው፤ በየመቃብሩ ድንጋይ ላይ አንድ አንድ ውሻ ቆሟል። ኦርሊን "ማሻሻያውን የሚደግፍ" ብሎ አስተያየቷን አስመዘገበ።

ወደ ላይ ጥቂት ብንወጣ ኖሮ ጫማችን ይተርፍ ነበር። ማንም አልወጣም። አንድ እርምጃ ሽቅብ የሄደ ሰው ውሃ አለ ብሎ እንደ መሰከረ ይቆጠራላ! እርስ በርስ እየተያየን፣ ጎረቤቴ ቀድሞ ይንቀሳቀስ እያልን፣ ሁላችንም ቀጥ ብለን ቆምን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ስሰማ የኖርኩ ነኝ፤ ምን ያህል በጨዋነትም እንደሚወስድ ያን ቀን አየሁ። ዌንደል የቆዳ ጫማው ሰጥሞ፣ የሱሪው ጫፍ ጠቁሮ፣ ፊቱ ላይ ግን የቤት ሻጭ ፈገግታው አልተነቃነቀም።

በመጨረሻ ኦርሊን አነበበ፦ "የታችኛው ረድፍ መሬት በአብዛኛው፣ እንደ ልማዱ፣ ደረቅ ነው፤ ውሻም በገመድ ይያዝበታል። የምትደግፉ?"

ብርቱካናማው ካርድ ተነሣ። ብዙ ነበር። እጁን ሲያነሣ ሚዛኑን ስቶ የተንገዳገደና በጎረቤቱ ትከሻ የተያዘም አለ። አለፈ። የቲርዛ ጥያቄ ወደቀ ማለት ነው። ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ፤ አንድ ሰው ካርዱ ከእጁ አምልጦ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ጎንበስ ብሎ አነሣው።

ሁሉም ፊቱን ከቲርዛ አዞረ። ኢኔስ አጠገቧ ሄዳ "አዝናለሁ" ስትላት ሰማሁ። ቲርዛ ክንዷን መታ መታ አደረገቻትና እጇን አወጣች።

"ክቡር ሰብሳቢ፣ አዲስ ሐሳብ አለኝ።"

ዌንደል ሰዓቱን አየ። "ወይዘሮ ፔተንጊል፣ ጉዳዩ ተዘግቷል።"

"ስለ ውሃ አይደለም" አለች። "ውሃ የት አለና? ጉባኤው እኮ ወሰነ። ይህ ረድፍ ከላይኛው ረድፍ እኩል ደረቅ ከሆነ፣ ቦታ በቦታ ብንለዋወጥ ማንም አይጎዳም። ዌንደል፣ አንተ ከኦኩ ሥር ሁለት ባዶ ቦታ አለህ። እኔ እዚህ ሁለት አለኝ። የእኔን ከነነዋሪው ለአንተ፣ የአንተን ለእኔ። ማለቴ ነዋሪውን ይዤ ነው የምሄደው።"

ሰዉ ሳቁን ዋጠ። ዌንደል ቀላ።

"ይህ... ክቡር ሰብሳቢ፣ ይህ ከሥርዓት ውጪ ነው!"

ኦርሊን መጽሐፉን ከውሃው ከፍ አድርጎ ገለጠ። አገላበጠ። ምራቁን ጣቱ ላይ አድርጎ እንደገና አገላበጠ። "በሥርዓቱ ውስጥ ነው" አለ። "የሚደግፍ?"

"እደግፋለሁ!" አለ ሆሊስ በርባንክ። ውሻውን ታቅፎ ነበር።

"ግን ያኛው ቦታ እኮ..." ዌንደል ጀመረና አቆመ። ያኛው ቦታ ይሻላል ካለ፣ ይኼኛው ምን ጎድሎት ነው የሚል ጥያቄ ይመጣል። ይኼኛው ጎድሎታል ካለ ደግሞ አሁን ያሳለፈውን ውሳኔ በገዛ አፉ ሊያፈርስ ነው፤ ያኔ ቲርዛ የመጀመሪያ ጥያቄዋን ታገኛለች። "ያኛው ዕይታው..." አለ።

"ከታች ዕይታው ይበልጣል" አለች ቲርዛ ለስለስ አድርጋ። "ረግረጉ ዳር ለምትሸጣቸው ቤቶች የለጠፍከው ማስታወቂያ ላይ እንደዚያ አይደል ያልከው?"

"ውሃው ግን..." አለ ዌንደል ሳያስበው።

"ውሃ ከአጀንዳ ውጪ ነው" አለ ኦርሊን።

ድምፅ ሲሰጥ አንድም ካርድ አልቀረም። እኔ በበኩሌ ሰዉ በቲርዛ ላይ ክፋት እንዳልነበረው ያን ጊዜ ገባኝ። ባሏ ወደ ላይ እንዲወጣ ሁሉም ይፈልግ ነበር፤ ያልፈለጉት ለምን እንደሚወጣ መናገር ነው። ዌንደልም ሰው ሁሉ ሲያየው ጊዜ ካርዱን ቀስ ብሎ፣ እንደ ትንሽ ልጅ እስከ ጆሮው ድረስ ብቻ አነሣ። ከዚያም ኦርሊን ጉባኤው አበቃ ሲል፣ አርባ ዓመት ሙሉ በሽቅድምድም ያልታየ ሕዝብ ኮረብታውን በሩጫ ወጣው።

እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከዚያ ረድፍ ሌሎችም ሰዎች ዘመዶቻቸውን አዛወሩ። አንዱ "እናቴ የኦክ ጥላ ትወድ ነበር" አለ፤ ሌላው "አባቴን ለወንድሙ ላቅርበው" አለ። ጉባኤው ሁሉንም ፈቀደ። መዝገቡ ላይ ዛሬም ያ መሬት ደረቅ ነው፤ ውሻም በገመድ ይያዝበታል። ዌንደል ከቤቶቹ አንዱን ለራሱ አስቀርቶት ነበር፤ በመስከረም የቤቱን መድን ሊያሳድስ ሲሄድ፣ ረግረጉን ልትለካ የተመለሰችውን ኢኔስን መኪናዋ አጠገብ ያዛትና "ዶክተር፣ አንድ ወዳጄ ነው የሚጠይቀው፤ ያ ታችኛው ረድፍ ስንት ዓመት ይቆይ ይሆን?" አላት። እሷም ሳትስቅ፣ ወዳጁ ገና ብዙ ዕድሜ ካለው ረድፉ አይጠብቀውም አለችው።

አልደንን ያወጣነው ጥቅምት ላይ፣ ቅጠሉ ሲረግፍ ነው። ፓስተሩ ጸሎት አደረሰ። ሳጥኑ በገመድ ሲነሣ ከአራቱም ማዕዘኑ ውሃ ይንዠቀዠቅ ጀመር። ሁላችንም ባርኔጣችንን አውልቀን መሬት መሬት እናያለን። ጨዋማ ሽታ አለው።

"የጠዋት ጤዛ ነው" አለ ኦርሊን ዊግስ።

"አዎ፣ ጤዛ" አለ ሆሊስ።

ቲርዛ ሳጥኑን በእጇ እየደገፈች ኮረብታውን ከእኛ ጋር ወጣች፤ ሁለት ቦታ ላይ ቆማ ተነፈሰች። ከኦኩ ሥር ጎን ለጎን ሁለት ጉድጓድ ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አንዱ ወደ ባሕሩ። ቆፋሪው በባሕሩ በኩል ያለውን ከፍቶ ነበር፤ ሥርዓቱ ነው፣ ባል ከውጭ ይሆናል።

"አይሆንም" አለች ቲርዛ። "እዚያኛው ውስጥ አስገቡት። በባሕሩ በኩል እኔ እሆናለሁ።"

"ወይዘሮ ፔተንጊል፣ ከዚህ ከፍታ እኮ..." አለ ቆፋሪው።

"ለማንኛውም ነው ልጄ። ዕድሜውን ሙሉ ባሕር ዳር ሠርቶ ዋና አያውቅም ነበር።"

ቆፋሪው አካፋውን አነሣና ሌላውን መቆፈር ጀመረ፤ እኛም ጉድጓዱ እስኪያልቅ ሳጥኑን በትከሻችን ይዘን ጠበቅን።